ለወንድሜ የጻፍኩት የፊልም መጨረሻ

ታላቅ ወንድሜ የታፈሰው ጉርድ ሾላ ላይ ነው። ሰፈራችን ላምባ ጠፍቶ ስለነበር፣ እዚያ ማደያው ገብቶለታል ሲባል ሰምታ እማዬ ጀሪካን አስይዛ ላከችው። ሐሙስ ቀን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ሲቆይብን ጊዜ ወረፋው ነው እያልን ጠበቅን። አመሻሹ ላይ አንድ የማናውቀው ባለሱቅ ባዶውን ጀሪካን ይዞ መጣና በር ላይ ቆሞ፣ «ልጅዎን መኪና ላይ ሲጭኑት ይህን ወረወረልኝ። ቤታችሁንም የነገረኝ እሱ ነው» አላት። እማዬ ጀሪካኑን ተቀብላ ክዳኑን ከፈተችና ውስጡን አየች። ምን ፈልጋ እንዳየች አላውቅም። ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ከሥራ ቀርታ በየፖሊስ ጣቢያው ስትዞር ዋለች። በሦስተኛው ቀን አንድ ወታደር አዝኖላት፣ «እናቴ፣ አይድከሙ። ትናንት ጧት ወደ ማሠልጠኛ ተጭነዋል» አላት። ብሔራዊ ውትድርና ነበር የሚባለው።

ወንድሜ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ የማትሪክ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባው ቀርቶ፣ ሥራ እየፈለገ ቤት የዋለ ልጅ ነው። እኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እማዬ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ትሠራለች። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረችን።

ወንድሜ ከምግብም ከልብስም አብልጦ የሚወደው ነገር በሥዕል የሚተረኩ የእንግሊዝኛ መጽሔቶችን ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ቦሌ ይኖሩ የነበሩ ፈረንጆች ጥለዋቸው የሄዱ ናቸው፤ አሮጌ ወረቀት ሻጮች ዘንድ በኪሎ ይገኛሉ፤ እሱ ካልደረሰላቸው የስኳር መጠቅለያ ይሆናሉ። አልጋው ሥር በካርቶን ያስቀምጣቸዋል። እንግሊዝኛ ያስተማረኝም በእነሱ ነው። ከሁሉም የሚበልጥበት፣ በግድግዳ ስለሚያልፍ ሰው የሚተርከው ነበር። ሰውየው የዋሻ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቀን መሬት ውስጥ አደጋ ይደርስበትና ሰውነቱ እንደ ጭስ ይሆናል። ከዚያ አመድማ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ በድንጋይም በብረትም እያለፈ ሰው ያድናል። ወንድሜ ይህ ታሪክ ፊልም ሆኖ እንደተሠራ ከሆነ ቦታ ሰምቶ፣ ሲኒማ ቤት ይመጣል ብሎ ሁለት ዓመት ጠበቀ። አልመጣም።

ከግቢያችን ጀርባ ባለው ቪላ አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ የሆነች ሴት ነበረች። «እትዬ» ነበር የምንላት። የሰፈሩ ባለ ቀለም ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ እሷ ቤት ነው ያለው። ወንድሜ ባገኛት ቁጥር፣ «እትዬ፣ ያ ፊልም በካሴት ከወጣ እባክዎን» እያለ ይለምናት ነበር። በታፈሰ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ካሴቱን በስካርፍ ጠቅልላ በራችን ላይ ቆመች።

«አገኘሁለት!» አለች ፊቷ ፈክቶ።

እማዬና እኔ ካሴቱን አየነው። ከዚያ ትዝ አላትና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳምንቱን ሙሉ አገር ላገር ስትበር ስለምትከርም፣ ያለመኖሩ ነገር ከአእምሮዋ ወጥቶ ነው። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ካሴቱን መልሳ ልትጠቀልል ስትል እማዬ እጇን ያዘቻት።

«አትመልሺው። እንየውና እንጻፍለት። ይቺ እንግሊዝኛ ትሰማለች፤ አይታ ትጻፍለት» አለች፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት እትዬ ሳሎን ተሰበሰብን። ሰው ሲሰበሰብ ለቀበሌ መንገር የግድ ስለነበር ተነገረ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ራሱ መጣና ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ሶፋ ያዘ። አጠገቡ «አባባ» የምንላቸው ሽማግሌ ተቀመጡ። አባባ ኦሮሞ ናቸው፤ ቪላዎቹ የቆሙበት መሬት በፊት የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ለእማዬ፣ ለእኔና ለሁለት ሦስት የሰፈር ሴቶች ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈልን። ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። የሚያወሩትን ሁሉ ጮክ ብዬ በአማርኛ እላለሁ፤ ያልገባኝን ከመጽሔቱ ከማስታውሰው እሞላለሁ።

ስለ ፊልሙ እውነቱን ልናገር፤ ከጠበቅሁት አነሰብኝ። መጽሔቱ ላይ ሰውየው ግድግዳ ሲያልፍ የጡቡ መስመር በደረቱ፣ በጉንጩ፣ በዓይኑ መሃል ሲሄድ ይታያል፤ ያስፈራል። ፊልሙ ላይ ግን እርጥብ አንሶላ ጀርባ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር። የምትወደው ሴት ደግሞ ከመጮህ ሌላ ሥራ አልተሰጣትም። ቢሆንም ዓይናችንን አልነቀልንም። ወንበዴው ሀብታም ሰው ነው፤ ከከተማው በላይ ያለውን ግድብ ሊያፈርስ ያስባል። እኛ ያኔ የፊልሙን ዋና ሰው አክተሩ ነበር የምንለው፣ ጠላቱን ደግሞ ወንበዴው። ወንበዴው ፈንጂውን ያፈነዳል፤ ግድቡ ይሰነጠቃል፤ ውኃው መውረድ ሲጀምር አክተሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ሰውነቱን ድንጋይ ያደርገዋል። ግድቡ ይቆማል። ከተማው ይድናል። እሱ ግን እዚያው ግንቡ ውስጥ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሰዎች ከግንቡ ሥር አበባ ሲያስቀምጡ ይታያል። አለቀ።

«አለቀ?» አለች አንዷ ሴት። «አክተር ይሞታል እንዴ?»

«ብቻውን!» አለ ሊቀ መንበሩ ከሶፋው ሳይነሣ። «ሰፊው ሕዝብ የታለ? ያ ሁሉ ሠራተኛ ቆሞ እያየ አንድ ሰው ግድብ ይደግፋል? ይኼ ግለኝነትን ማስፋፋት ነው። የኢምፔሪያሊስት ቅስቀሳ ነው።» ሲወጣ በር ላይ ለእትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሌላ ከመጣ ግን አሳውቂኝ» አላት።

አባባ ሌላ ነገር ነበር የከነከናቸው። «ግድግዳውን እንደ ጭስ ካለፈው፣ መሬቱ እንዴት ቻለው? ሲቆም ለምን አልሰመጠም?» አሉኝ። እትዬ የአክተሩን ልብስ አልወደደችለትም፤ ፊቱን ባይሸፍነው ጥሩ ነበር አለች።

ቤት ገብተን እማዬ ነጠላዋን ስታጥፍ፣ «እናት የለውም?» አለችኝ።

«አላሳዩም እማዬ።»

«እሱ እንዲያ ሆኖ ሲቀር ማን ነገራት?»

ያን ሳምንት ለወንድሜ መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት የላከልን ሁለት ደብዳቤ ነበር፤ ከአንድ የጦር ክፍል ቁጥር በቀር አድራሻ የለውም፤ ሰሜን መሆኑን ብቻ እናውቃለን። ወረቀቱ እንዳይወፍር ፊልሙን ከፋፍዬ ነበር የምጽፈው፤ በአንድ ደብዳቤ ትንሽ ትንሽ። የሰፈሩንም ሰው አስተያየት አብሬ እልክለታለሁ፤ የሊቀ መንበሩን ብቻ ዘለልኩት፤ እሱን እንዲያ መጻፍ አደገኛ መሆኑን አውቅ ነበርና። እማዬ ማታ ማታ የጻፍኩትን ታስነብበኝና፣ «ይኼን ይወደዋል» ወይም «ይኼ ያሳዝነዋል፣ አውጪው» ትላለች።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ እንዲህ ይላል፦

«ደብዳቤሽን እኔ ብቻ አይደለሁም ያነበብኩት። ጮክ ብዬ አነብና ምሽግ ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማል። አሁን ደብዳቤ የሚጠብቀው ሁሉም ነው፤ ከቤቱ የማይጻፍለትም ጭምር። ለአባባ ንገሪያቸው፤ መሬቱን የማያልፈው ያደረገው ጫማ ብቻ ነው፣ መጽሔቱ ላይ አለ፣ ለዚያ ነው የማይሰምጠው። እዚህ ግን ከአርሲ የመጣ አንድ ገበሬ ጓደኛችን አልቀበልም ብሏል። ጫማው ያለቀ ቀንስ ይላል። ሦስት ቀን ተከራከርን። ደግሞ ሴትየዋ መጮህ ብቻ ናት ያልሽው እውነት ነው፣ መጽሔቱም ላይ እንደዚያው ናት።»

ለእማዬ ይህን ሳነብላት ሳቀች። ከታፈሰ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከጀርባው የጻፈውን ግን አላነበብኩላትም፦

«ይህ ለአንቺ ብቻ ነው። አጠገቤ የሚተኛው ልጅ ባለፈው ሳምንት አለፈ። ፊልሙን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እሱ ነበር፤ መጨረሻውን ሳይሰማ ቀረ። እባክሽ መጨረሻውን ቶሎ ላኪልኝ። እኔ ባነበብኩት መጽሔት ሰውየው አንድም ቀን አይሞትም። ልጆቹም አይሞትም ብዬ አረጋግጬላቸዋለሁ።»

ደብዳቤውን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ይዤው ተመለስኩ። መጨረሻውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ተነሣሁ። ግንብ ውስጥ ገብቶ ቀረ ብዬ፣ ምሽግ ውስጥ ላለ ወንድሜ እንዴት ብዬ ልጻፍ? በሦስተኛው ቀን እማዬ ሥራ ላይ ሳለች ብቻዬን ጻፍኩት። ከእሷ ጋር ሳላነብ የላክሁት ደብዳቤ ያ ብቻ ነው። እንዲህ አልኩ፦

አክተሩ ግድቡን ካዳነ በኋላ ወንበዴውን በእጁ አስገባው። ግን አልገደለውም። በቃኝ፣ ደክሞኛል አለና ወንበዴውን ትቶት ሄደ። የመጨረሻውን ግድግዳ አልፎ ወጣ፤ አመድማውን ልብስ አውልቆ ጣለው። በእግሩ ሲሄድ፣ ሲሄድ እናቱ ቤት ደረሰ። በሩን አልፎ መግባት ይችል ነበር፤ ግን አላለፈም። እንደ ማንም ሰው ቆሞ አንኳኳ። እናቱ ከፈተችለት። አለቀ።

ስጨርስ ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምለው፤ ከፊልሙ የእኔ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። እማዬ የጠየቀችኝንም እናት ሰጥቼዋለሁ። ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁት።

መልስ አልመጣም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። ሌላም ጻፍን፤ ለእሱም መልስ የለም። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት እጄን ታያለች፤ ወረቀት ይዤ እንደሆን። ራዲዮኑ ሁልጊዜ ስለ ድል ነበር የሚያወራው። ሰፈር ውስጥ መርዶ የገባባቸው ቤቶች ነበሩ፤ እማዬ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ እግሯን ታጥባ ትተኛለች።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት አራት ሰዓት ገደማ በራችን ተንኳኳ። እኔ የከሰዓት ተማሪ ስለነበርኩ ቤት ነኝ። ስከፍት በሁለት ክራንች የቆመ፣ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሌለ ሰው ነው። የወታደር ካፖርት ለብሷል። ዕድሜው ከወንድሜ ብዙም አይበልጥም፤ ፊቱ ግን ተኮማትሯል።

«የጫማውን ነገር የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ የወንድሜን ስም ሲጠራ ገባኝ። ያ የአርሲው ገበሬ ነው። አስገብቼ አስቀመጥኩት፤ ውኃ ሰጠሁት። «ወንድሜስ?» አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እናትሽ የሉም?»

«ሥራ ናት።»

«እንግዲያ ለአንቺ ልንገርሽ» አለና ጀመረ። ሲናገር ወለሉን ነበር የሚያየው።

«ደብዳቤሽን ሁላችን እንወደው ነበር። የመጨረሻዋ ግን ተከፍታ ነው የመጣችው። ኮሚሳሩ እጅ ገባች። ደብዳቤ የሚመረምር ካድሬ ነው፣ የፖለቲካ ሰው። አንድ ቀን ሻምበል ጦሩን በሙሉ አሰለፈንና አወጣት። ‹ስለ ፊልም የምታወሩት ይህን ነው?› ብሎ እሱ ራሱ አነበበልን። ጮክ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል? ወንድምሽን ከሰልፉ አወጣው። ‹የትኛውን ግድግዳ ነው ያለፈው? ወንበዴውን ትቶት ሄደ ማለት ምን ማለት ነው? ልብሱን አውልቆ ጣለ ማለትስ?› አለው። ወንድምሽ ‹ጓድ፣ ፊልም ነው› አለ። ‹ፊልም አይደለም፤ ጥለህ ና ነው የምትልህ፤ ይህን ሁሉ ሰው ይዘህ ና ነው የምትልህ› አለው። ሰሜን ላይ እኮ ወንበዴ ማለት ሌላ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አውቅ ነበር። ራዲዮኑ መንግሥትን የሚወጉትን አማፅያን በየቀኑ የሚጠራበት ቃል ነው። ስጽፍ ግን አንድም ጊዜ አልመጣብኝም።

«ኮሚሳሩን ይበልጥ ያናደደው ግን» አለ፣ «ሲያነበው የሆነው ነገር ነው። ያ በሩን አንኳኳ የሚለው ጋ ሲደርስ ከኋላ አንድ ልጅ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ሌላው። ሰልፍ ላይ ሆነን። ያኔ ነው ፊቱ የተለወጠው።»

«ወንድሜስ ምን አለ?»

«‹እንደዚያ ነው የሚያልቀው። አይታ ነው የጻፈችው። እህቴ አትዋሽም› አለ። ደጋግሞ ይህንኑ አለ። ከራሷ ፈጥራ ነው በልና ይቅርታ ጠይቅ ብለነው ነበር፤ እምቢ አለ። ጉድጓድ ውስጥ ዐሥራ አንድ ቀን አሰሩት። ሲወጣ ከእኛ ለይተው ከጠላት ፊት ለፊት ያለው የቀበሮ ጉድጓድ ላይ መደቡት። እዚያ የሚመደበው የተቀጣ ነው።»

ከዚያ ያለውን አጭር አድርጎ ነገረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጥቃት ተከፈተ። ያ ቦታ ከሁሉ በፊት ተያዘ። እዚያ ከነበሩት አንድም ሰው አልተመለሰም። ሞተውም ይሁን ተማርከው የሚያውቅ የለም። እሱ ራሱ በዚያው ቀን ነው እግሩን ያጣው።

ቀና ብሎ አየኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነት እንደዚያ ነው የሚያልቀው?»

«አዎ» አልኩት። «እንደዚያ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም አምኜው ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ የነበሩት ግን አክተር እንዲያ ትቶ አይሄድም ብለው ተከራከሩኝ። እንዲህ ያለ ፊልም ማን ይሠራል አሉኝ። እኔ ግን ጥሩ አጨራረስ ነው እላለሁ።»

እውነተኛውን መጨረሻ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው፤ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ። ቦታውን ሳይለቅ፣ ከተማውን በሰውነቱ ደግፎ የሞተ ሰው። ኮሚሳሩ ያን ቢያገኝ ኖሮ ደስ ብሎት ለጦሩ በሙሉ ያነበው ነበር። ምናልባት ለወንድሜ እጁን ይጨብጠው ነበር።

እማዬ ለምሳ መጣች። ማን መሆኑን ስትሰማ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይበላል?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

«ይበላል እናቴ።»

«ከሳ?»

«ሁላችንም ከስተናል። እሱ ደህና ነው። እኔ ቆስዬ ስመጣ ነው የተለያየነው፤ ክፍሉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ለዚያ ነው ደብዳቤ የቀረው።»

ወደ እኔ አላየም። እኔም ወደ እሱ አላየሁም። እማዬ ያለውን ምግብ ሁሉ አቀረበችለት፤ ሲበላ አፉን እያየች ነበር። ሲሄድ የወንድሜን ሹራብ ሰጠችው። እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ልሸኘው አልኩ፤ አይሆንም አለ። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

በሳምንቱ ለእትዬ ነገርኳት። ለሰው መንገር ነበረብኝ፤ ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር፤ ልብሱን እያጠፈች ሰማችኝ። ስጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያቺን ደብዳቤ ባያገኙ ሌላ ነገር አያጡም ነበር» አለች። ሻንጣዋን እየዘጋች ደግሞ፣ «ለእናትሽ አትንገሪ። ቢያንስ አሁን አትንገሪ» አለችኝ።

ካሴቱን እሷ ጋ ነበር የተውነው። ሌላ ጊዜ ስጠይቃት የእህቷን ሠርግ ቀድታበት አገኘሁ። አልተቀየምኳትም። ባዶ ካሴት እንደልብ አይገኝም ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ በረራ ላይ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች፤ ቪላውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ እየተንጠባጠበ ከተማ ገባ። በባዶ እግሩ፣ ካርቶን ላይ ተኝቶ፣ ዳቦ እየለመነ። እማዬ የወንድሜን ፎቶ በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛ፣ ከመሥሪያ ቤት ስትወጣ ወደ ቤት አትመጣም ነበር። በሃያ ሁለት በኩል ጉርድ ሾላ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች፤ አንዳንዴም አዲሶቹን የሲኤምሲ ቤቶች አልፋ ትሄዳለች። የተቀመጠ ወታደር ባየች ቁጥር ጎንበስ ብላ ፎቶውን ታሳያለች። አንዳንዱ የማያውቀውን አውቀዋለሁ ይላታል፣ ዳቦ እንድትገዛለት። ገዝታ ትሰጠዋለች። እኔ አብሬያት እሄድ ነበር። የት እንደቀረ የተነገረኝን እያወቅሁ ፎቶውን በሌላው በኩል እይዝላታለሁ። ምናልባት ተማርኮ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ምርኮኞቹም ተለቀው መጡ። እሱ አልመጣም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አባባ ናቸው የለመኗት። የእሳቸውም ልጅ በዚያው ጦርነት ቀርቶ ነበር፤ እርማቸውን ካወጡ ቆይተዋል። አንድ ቀን ማለዳ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይበቃል። እርምሽን አውጪ» አሏት። በነጋታው ለእድር ነገረች፤ ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ነው። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እማዬ እያለቀሰች የምትለው ነገር ቢኖር ያው ነበር፦ «እኔ ነኝ የላክሁት፤ እኔ ነኝ ለላምባ የላክሁት።» ሴቶቹ፣ «ተይ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» እያሉ ይይዟታል። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አብሬ ያዝኳት። «አንቺ አይደለሽም፤ ደብዳቤዬ ነው» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣም።

እማዬ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ኖረች። ጡረታ ወጣች፣ ልጆቼን አሳደገችልኝ፣ ታማ ተኛች። ላምባውን አልረሳችውም። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር፣ «ያን ቀን በከሰል ብሠራ ምን ነበረበት» ትል ነበር። ያኔ ብነግራት ሸክሟ ይቀልላት ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ወይም ሌላ ይጨመርባት ነበር፤ ደብዳቤውን ጻፊለት ያለችኝ እሷ ናትና። ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን አንድ ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን፣ «እማዬ፣ ስለ ወንድሜ አንድ ነገር አለ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ዓይኗን ገልጣ፣ «ዛሬ አይደለም የኔ ልጅ፣ ደክሞኛል» አለችኝ። እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ። ልጅ ነበርሽ ይለኛል። ልጅ መሆኔ እውነት ነው። ግን በዐሥራ አምስት ዓመቴም እየዋሸሁ መሆኔን አውቅ ነበር፤ አውቄም ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያስቸግረኝ ይኼኛው ነው። ኮሚሳሩን መጥላት አይከብደኝም፤ ዛሬም እጠላዋለሁ፤ መልኩን እንኳ ሳላውቅ። ወንድሜ ግን ለእኔ ሲል ቃሉን አላጠፈም። ፈጠራ ነው ቢል ይለቁት ይሆን ነበር፤ እሱ ግን እውነት መስሎት ነው የተቀጣው። ዐሥራ አንዱን ቀን ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ምን እንዳሰበ አላውቅም። የምኖረው ይህን ሳላውቅ ነው።